«ሰላም ነው» ብላለች

ሰላምታ የሚያስረዝም ሰው አልወድም። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ልጅ ሳለሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ እናቴ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ካገኘችው ሰው ሁሉ ጋር ቆማ የሰውየውን ሚስት፣ ልጆች፣ በጎች፣ የታመመ ጉልበቱን ሳይቀር ስትጠይቅ እኔ ቀሚሷን እየጎተትኩ አስቸግራት ነበር። «አንተ ልጅ፣ ሰው ሰላም ማለት ያስከፍልሃል እንዴ?» ትለኝ ነበር። አድጌ የመረጃ ባለሙያ ሆንኩና ሰላምታ በእርግጥም እንደሚያስከፍል በደቂቃ አስልቼ ደረስኩበት። እንደ ትልቅ ግኝት ቆጠርኩት።

ቦንጋ ጤና ጽሕፈት ቤት ተመድቤ ከመጣሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ እንዲህ ነው፦ በገጠር ቀበሌ ያሉ ጤና ኬላዎች በየሳምንቱ ስለ በሽታ ሪፖርት ያደርጋሉ። ፎርሙ ላይ የበሽታዎች ስም ከላይ ወደ ታች ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ በዚያ ሳምንት ስንት ሰው እንደታመመ ይጻፋል። ማንም ካልታመመ ዜሮ ይጻፋል። ዜሮ ማለት «ዞሬ አየሁ፣ የለም» ማለት ነው። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ግን «ከዚያ ሰፈር ምንም አልሰማንም» ማለት ነው። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ይህን በየስልጠናው ቆሜ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ሰዎች እንዳይረሱት ብዬ ደግሞ በትልልቅ ፊደል ግድግዳ ላይ አሳይቻቸዋለሁ።

ደንቡ ሪፖርቱ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ እያለ ደረጃውን ጠብቆ እንዲመጣ ነው። ዝናቡ ግን ደንብ አያውቅም። እዚህ አገር ዝናብ ሲጀምር የሚያቆምበትን ቀን የሚያውቅ የለም፤ መብራት ይሄዳል፣ መብራት ሲሄድ ኔትወርክ ይከተለዋል፣ መንገዱ ይቦካል። ስለዚህ ወረቀታቸው በጊዜ የማይደርሰውን ኬላዎች ሪፖርት እኔ በቀጥታ በስልክ እንድቀበል ተወሰነ። ከሺሺንዳ ወዲያ፣ ወደ ቢታ ገነት መውጫ፣ በማንኪራ በኩል ወደ ጫካው ውስጥ ያሉ ኬላዎች ሁሉ ሰኞ ሰኞ ወደ እኔ ይደውላሉ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ይወጣሉ፤ አንዳንዷ ከተቆረጠ ግንድ ላይ ቆማ፣ ስልኳን ወደ ሰማይ አንሥታ፣ «ሄሎ? ይሰማል?» ትላለች። ከዚያ እንግዲህ ሰላምታው ይጀምራል። እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብ ደህና ነው? ጤና? ሥራ? ዝናቡ እንዴት ነው ቦንጋ? እሷ ስለ ዝናቡ ስትጠይቀኝ መስመሩ ይቆረጣል። ቁጥር የለም። ሳጥኑ ባዶ ይሆናል። ባዶ ሳጥን ያለበት ረድፍ ደግሞ ኮምፒውተሬ ላይ ባለው ገጽ ቀይ ይሆናል፤ ኃላፊያችን ቀይ አይወዱም።

ብዙ አሰብኩበት፤ ያኔ ጎበዝ ነበርኩ። ሰላምታውን ማስቀረት ካልቻልኩ ሰላምታውን ራሱን ሪፖርት ባደርገውስ? ስልክ ሳነሣ «ሰላም ነው?» እላለሁ። በቀበሌው የታመመ ከሌለ «ሰላም ነው» ትላለች፤ እኔ ረድፉን በሙሉ ዜሮ እሞላለሁ፤ ስልኩን እዘጋለሁ። የታመመ ካለ ትናገራለች። በቃ። ለሁሉም ነገርኳቸው፣ ሁሉም «እሺ» አሉ። በወሩ ገጹ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ። ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከሌላ ቦታ ለልምድ ልውውጥ ሰዎች መጡ፤ ስለ መገናኛ መረብና ስለ መረጃ አያያዝ አዲስ አስተሳሰብ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁላቸው። አጨበጨቡ። እንዲያው ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቀላል።

መዝገብ ቤት የሚሠሩ አንዲት እትዬ አሉ፤ የካፋ ሰው ናቸው፣ ከእኔ በፊትም ነበሩ፣ ከእኔ በኋላም ይኖራሉ። በዚያ ሰሞን ሻይ ስንጠጣ «ልጄ፣ እዚህ አገር ‹ሰላም ነው?› ሲባል ‹ሰላም ነው› ነው የሚባለው። ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን። እሳቱ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው» አሉኝ።

ሳቅሁ። «እትዬ፣ ይህ እኮ የቢሮ ሥራ ነው» አልኳቸው።

እሳቸው አልሳቁም። እኔን የሚያሳፍረኝ ደግሞ መሳቄ ብቻ አይደለም፤ ያሉትን ከማንም በላይ አውቀው ነበር። አባቴ ያረፉ ጊዜ እዚሁ ቦንጋ ነበርኩ። አጎቴ ደወለና «ሁሉ ሰላም ነው፣ እኛ ደህና ነን። አባትህን ብቻ ትንሽ አመም ስላደረጋቸው ብቅ ብትል» አለኝ። ስልኩን ሳልዘጋው ጥቁር ልብሴን ፍለጋ ሻንጣዬን ከፈትኩ። «ትንሽ አመም» በስልክ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አገር የማያውቅ ማን አለ? እኔ ራሴ መርዶዬን «ሁሉ ሰላም ነው» በሚል ቃል የተረዳሁ ሰው ነኝ። ከዚያ መጥቼ ያንኑ ቃል ዜሮ አደረግሁት።

አሁን ወደዚያች ሰኞ ልምጣ። ከጧት ጀምሮ ይዘንባል። ሪፖርቱ የሚዘጋው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ እስከዚያ ያልገባ ቀይ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከሺሺንዳ ከመኪና መንገዱ ሦስት ሰዓት በእግር ከሚወስድ አንድ ቀበሌ ስልክ ተደወለ። ልጅቷን በድምፅዋ አውቃታለሁ። የዚያው ቀበሌ ልጅ ናት፤ ተምራ ተመልሳ እናቷ ጎረቤት የምትሠራ፣ ጨዋ፣ ሰላምታዋ ደግሞ የማያልቅ። በሆዴ «መጣች» አልኩ።

«ሰላም ነው?» አልኳት።

«ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት? ቤተሰብስ —»

ተቆረጠ።

እውነቱን ልናገር፦ ደስ አለኝ። ገላገለኝ ብዬ ስልኩን አስቀመጥኩ፤ ረድፉን ከላይ እስከ ታች ዜሮ ሞላሁት። ኩፍኝ፣ ዜሮ። ወባ፣ ዜሮ። ተቅማጥ፣ ዜሮ። መልሼ መደወል በሐሳቤ አልመጣም። ሄጄ ምሳዬን በላሁ።

እሷ ጉብታው ላይ ያደረገችውን የሰማሁት ኋላ ነው። መስመሩ እንደተቆረጠ አላወቀችም። የስልኳ መስታወት ተሰንጥቆ ግማሹ ጨልሟል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ነፋስ አለ። ሰላምታዋን ጨረሰች። ከዚያ ወሬውን ጀመረች። ሦስት ቤት ውስጥ ልጆች ታመዋል፤ ትኩሳት አለ፣ ሳል አለ፣ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ሰውነታቸው ላይ ሽፍታ ወጥቷል፤ ኩፍኝ ይመስለኛል፤ ክትባት ይዛችሁ ቶሎ ኑ፤ ወንዙ ስለሞላ በላይኛው መንገድ ኑ። የሦስቱን ቤት አባወራዎች ስም ሳይቀር ጠራች። ስትጨርስ «ይሰማል?» አለች። ዝም። እኔ ደግሞ ስልክ የምዘጋው እንዲያው ነው፣ «ደህና ዋይ» የሚባል ነገር አላውቅም፤ ቁጥሬን ካገኘሁ ዘግቼ ወደሚቀጥለው ነው። ስለዚህ ሰምቼ የዘጋሁት መሰላት። የሞተ መስመርና እኔ አንለይም ነበር።

ወርዳ ወደ ሦስቱ ቤት ሄደች። በአንደኛው ቤት እናትየው የአራት ዓመት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ፣ አዝላ፣ ወደ መኪና መንገዱ ጤና ጣቢያ ልትወጣ በር ላይ ቆማለች። የጤና ሠራተኛዋ «አውርጃት። በዚህ ዝናብ ይብስባታል። ተናግሬያለሁ፣ ቢበዛ እስከ ረቡዕ ይመጣሉ» አለቻት። እናትየውም አመነቻትና አወረደቻት።

ረቡዕ ማንም አልሄደም። ሐሙስም አልሄደም። ቢሮ ገጹ አረንጓዴ ነው፤ ማን ለምን ይሄዳል? ዓርብ ያቺ የአራት ዓመት ልጅ ሞተች። ቅዳሜ በሁለተኛው ቤት ሕፃን ሞተ። እሑድ የሦስተኛው ቤት አባት ማንንም ሳይጠይቅ ልጁን ታቅፎ በሞላው ወንዝ ተሻግሮ ጤና ጣቢያ አደረሰው፤ ያ ልጅ ተረፈ። እኛ የሰማነው በዚህ ሰው እግር ነው። እኔ የዘረጋሁት መረብ ያላደረሰውን ወሬ አንድ ገበሬ ደረቱ ላይ አድርጎ አመጣው።

ቡድን ተላከ፣ ክትባት ተሰጠ፣ በሽታው ቆመ። ከዚያ «መረጃው ለምን አልመጣም?» የሚለው ጥያቄ መጣ። ኃላፊው ገጹን አትሜ እንዳመጣ አዘዙኝ፤ አተምኩ። ከዚያ ኬላ በዚያ ሳምንት የመጣው ሪፖርት ዜሮ ነው። ባዶ ቢሆን ኖሮ «አልደወለችም፣ እኛም አልጠየቅንም» ይባል ነበር። ዜሮ ስለሆነ ግን አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ደብቃለች።

ለግምገማ ቦንጋ ተጠራች። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜም እኔ ነኝ፣ ጽሑፌ ስለሚነበብ። በር ላይ ጫማዋን አጥባ ገባች፤ እርጥብ ነበር። ንጹሕ ሻሽ አስራለች። ገብታ በየወንበሩ ላለው ሰው ሁሉ እየዞረች እጅ ነሣች፤ ለእኔም።

ኃላፊው ወረቀቱን ወደ እሷ ገፉት። «ዜሮ ነው የሚለው» አሏት።

«ዜሮ አላልኩም። ደውዬ ሁሉንም ተናግሬያለሁ። ለእሳቸው ነው የተናገርኩት» አለች፤ በእጇ አልጠቆመችም፣ በዓይኗ ብቻ አየችኝ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። «ደውላ ነበር?»

«ደውላለች።»

«ምን አለች?»

ብዙ ሰው በእንዲህ ዓይነት ሰዓት ምን እንደሚያስብ አላውቅም፤ እኔ ያሰብኩት ስለ ልምድ ልውውጡ ነው። መስመሩ እንደተቆረጠ ከተናገርኩ ቀጥሎ የሚመጣው «ታዲያ ዜሮውን ከየት አመጣኸው?» ነው። ከዚያም «ሌሎቹንስ ሳምንታት?» ይመጣል። ከዚያም ያ አረንጓዴ ገጽ በሙሉ ይጠየቃል።

«‹ሰላም ነው› ብላለች» አልኩ።

ውሸት አይደለም። አንድም ፊደል ውሸት የለበትም። ውሸት ቢሆን ኖሮ ምናልባት አፌ ላይ ይሰናከል ነበር፤ እውነት ስለሆነ ግን ቀጥ ብሎ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«እንዲህ ብለሻል?» አሏት ኃላፊው።

አየችኝ። ቁጣ የጠበቀ ሰው ይሳሳታል፤ ግራ የገባት ትመስል ነበር፣ ቀጥሎ የምናገረው ያለ መስሏት የምትጠብቀኝ። ምንም ሳልጨምር ስቀር ወደ ኃላፊው ዞረች። «ብያለሁ» አለች። «ብያለሁ፣ ግን እሱ እኮ ሰላምታ —»

«ብያለሁ ካልሽ በቃ።»

ጥግ የተቀመጠ አንድ ባልደረባችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለና ራሱን ነቀነቀ። እኔ ጻፍኩ፦ «ባለሙያዋ ‹ሰላም ነው› ማለቷን አምናለች።» የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ደግሞ ውሳኔው በቀበሌው ሕዝብ ፊት እንዲነበብ ተባለ፤ ሄደው አነበቡት። ልጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ያቺ ጎረቤታቸው፣ «ተናግሬያለሁ፣ ይመጣሉ» ያለቻቸው ሴት፣ በስልክ «ሰላም ነው» ማለቷን በማኅተም በተረጋገጠ ደብዳቤ ሰሙ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። እኔም እንዲያ ሆኜ ከረምኩ። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ሰኞ ሰኞ ትደውላለች፤ ሰላምታ አቁማለች። ቁጥሩን ትናገራለች፣ እኔ እስክዘጋ ትጠብቃለች። እኔ ለዓመታት የፈለግሁት አነጋገር ይሄው ነበር፤ አጭር፣ ንጹሕ፣ ትርፍ ቃል የሌለው። መዝገብ ቤት ያሉት እትዬ አንድ ቀን ፋይል ሲያቀብሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ «የዚያችን ልጅ እናት አውቃቸዋለሁ። ውሸታም አላሳደጉም» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ ፋይሉን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነው የጻፍኩት። አራት ገጽ። መስመሩ መቆረጡን፣ ዜሮውን እኔ መሙላቴን፣ በግምገማው ላይ የተናገርኩት እውነት እንደ ውሸት የሠራ መሆኑን ሁሉንም ጻፍኩ። በዚያው ላይ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። እስካሁን ስለ መረብ ስናስብ የምናስበው ስለሚያልፈው ወሬ ነው፤ ስላላለፈው ማሰብ አለብን አልኩ። ከቁጥርና ከዜሮ ሌላ ሦስተኛ ምልክት ይኑረን፤ «አልተሰማም» የሚል። «አልተሰማም» የተጻፈበት ቀበሌ ከታመመበት ቀበሌ እኩል ያስደንግጠን፤ ሰው ይላክበት። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለውን ተረት እዚህ ቢሮ ውስጥ እንቅበረው ብዬም ጻፍኩ፤ ትንሽ ስሜት ይዞኝ ነበር።

ኃላፊው መጥፎ ሰው አይደሉም። ወረቀቱን በሙሉ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «እሷን በድለናታል» አሉ። ማስጠንቀቂያዋ እንዲነሣ በዚያው ቀን ፈረሙ፤ ለእኔም ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ፣ ተቀበልኩ። ወደ ሐሳቡ ሲመጡ ግን «ይሄ ‹አልተሰማም› የምትለው፣ በፐርሰንት እንዴት ይወጣል?» አሉኝ።

«አይወጣም» አልኩ። «ለዚያ ነው እኮ።»

ወደ ላይ ላኩት። ከወራት በኋላ መልስ መጣ። ባዶ ሳጥን ለስህተት በር ስለሚከፍት፣ ከእንግዲህ ሲስተሙ ባዶ ሳጥን እንዳይቀበል ተደርጓል፤ ሁሉም ሳጥን በቁጥር ካልተሞላ ገጹ አይላክም ይላል። ሦስተኛውን ምልክት ጠይቄ የነበረውን ባዶ ሳጥንም አስወሰድኩት። መልሱን ሁለት ጊዜ አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም።

ደብዳቤው መነሣቱ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ቀበሌው የሰማው የመጀመሪያውን ነው። ስለዚህ ራሴ ሄጄ ሕዝቡ ፊት ልናገር ወሰንኩ። በአውቶቡስ ሺሺንዳ ድረስ፣ ከዚያ በእግር። የጤና ሠራተኛዋ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ጭቃው ጫማዬን ሲያወልቅ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ አትስቅም፣ አትረዳኝም። ጤና ኬላው በረንዳ ሥር ሰዉ ተሰብስቧል፤ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ወደ ኋላ።

ተነሥቼ ለመናገር አፌን ስከፍት ነው ነገሩ የገባኝ። የካፋን ቋንቋ፣ ካፊኖኖ፣ አልችልም። በስምንት ዓመት ውስጥ የተማርኩት ገበያ ላይ ዋጋ መጠየቅ ብቻ ነው። ከሽማግሌዎቹና ከእናቶቹ አብዛኞቹ ደግሞ የቢሮ አማርኛ አይሰሙም። አስተርጓሚ ያስፈልጋል። በዚያ በረንዳ ላይ ሁለቱንም ቋንቋ አጣርቶ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«አይሆንም» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ሌላ ሰው እንፈልግ።»

«ሌላ የለም። ይናገሩ» አለችኝ።

«ይህች ባለሙያ ጥፋት የለባትም» አልኩ። እሷ በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገረች። «ደውላ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። እሷ እንደገና ተናገረች። እኔ እየተናዘዝኩ ነው፤ ሰዉ የሚሰማው ግን እሷ በገዛ አፏ፣ በገዛ ቋንቋዋ፣ ስለ ራሷ «እኔ ንጹሕ ነኝ» ስትል ነው። ሽማግሌዎቹን አየኋቸው። ከጨዋነት የተነሣ ዝም ብለው ይሰማሉ። እኔን አንድም ሰው አላየኝም፤ እሷን ነው የሚያዩት። አጠር አድርጌ ልጨርስ ስል ከኋላ አንዲት ሴት ተነሣች። ያቺ ልጇን ከጀርባዋ ያወረደችው እናት ናት። አስተርጓሚዋን አልፋ በቀጥታ ለእኔ ተናገረች፤ አማርኛዋ የገበያ ነው፣ አንቱታ የለውም፣ ወንድና ሴትም አይለይም።

«ስልክ አነሣህ?» አለችኝ።

«አነሣሁ።»

«እሷ ተናገረ?»

«ተናገረች። እኔ ግን አልሰማሁም፤ መስመሩ —»

«አንሥተህ፣ አልሰማህም?»

«አልሰማሁም፣ እናቴ።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ በካፊኖኖ አንድ አጭር ነገር ተናገረችና ተቀመጠች። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ምን አለች?» አልኩ።

ልጅቷ «ይህን አልተረጉምልዎትም» አለች።

ስብሰባው ተበተነ። ወደ መኪና መንገዱ ልትሸኘኝ አብራኝ ወጣች። ከቀበሌው ጫፍ ባለ አንድ ቤት ደጃፍ አንዲት ሴት ልጅ ታቅፋ ቆማ ነበር። እኛን ስታይ ልጁን በነጠላዋ ሸፈነችና ገብታ በሩን ዘጋች።

«ልጁ ታሟል እንዴ?» አልኩ።

«እንጃ» አለችኝ። መንገዷን አላቋረጠችም። «ድሮ በመንገድ ሳልፍ ጠርተው ያሳዩኝ ነበር። እከክም ቢሆን፣ የጥርስ ሕመምም ቢሆን። እያደር ማሳየት ተዉ፤ አሁን ሳልፍ ያስገቧቸዋል። ማን እንደታመመ የምሰማው ለቅሶ ስሰማ ነው።»

«ጊዜ ይፈታዋል» አልኩ፤ ሰው የሚለው ሲያጣ እንደሚለው። እሷም ለትሕትና ያህል «ይሆናል» አለችኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ ደወለች። እኔ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። «እንዴት ሰነበትሽ?» አልኳት። «እናትሽስ ደህና ናቸው? ዝናቡ እንዴት ነው?» እያንዳንዱን ጠየቅሁ፣ እያንዳንዱን መለሰች፤ መስመሩም እንደ ጉድ ጠርቶ ነበር፣ የወፍ ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። ከዚያ አንድ በአንድ ጀመርኩ።

«ኩፍኝ አለ?»

«አላውቅም።»

«ተቅማጥ?»

«አላውቅም።»

«ወባስ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። በር የሚከፍትልኝ የለም። አየሁ ብዬ አልዋሽዎትም።»

እስከ ፎርሙ መጨረሻ ጠየቅኋት፤ እስከ መጨረሻው «አላውቅም» አለች። «ደህና ዋይ» አልኳት፣ «ደህና ይዋሉ» አለችኝ፣ ዘጋን። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ኩፍኝ የሚለው ሳጥን ላይ ሄጄ «አልተሰማም» ብዬ ጻፍኩ። አልወስድ አለኝ፤ ቁጥር ያስገቡ ይላል። ባዶ ትቼው ላክ የሚለውን ተጫንኩ። የሁሉም ኬላዎች ሪፖርት በአንድነት ቆመ፤ የእሷ ሳጥን ካልተሞላ የማንም አይሄድም። ከእነሱ ውስጥ በዚያ ሳምንት በእርግጥ የታመሙ ሰዎች የነበሩባቸው፣ ሰው የሚጠብቁ ቀበሌዎች አሉ። ስልኩን አንሥቼ ወደ ኃላፊው ደወልኩ፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሰዓቱን አየሁ።

ከዚያ ዜሮ ጻፍኩ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ሳጥን ውስጥም ዜሮ ጻፍኩ፣ እንዲህ እያልኩ እስከ ታች ወረድኩ፤ ገጹም አረንጓዴ ሆነ።